ከጣቢያ እስከ ይግባኝ፦ በወንጀል የተጠረጠረ ሰው የሚመርጣቸው ነገሮች ሲነጻጸሩ

ሰው በወንጀል ተጠርጥሮ ሲያዝ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጎበዝ ጠበቃ ማን ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ይደርሳል። ጠበቃ ተፈልጎ፣ በክፍያ ተስማምቶና ውል ፈርሞ መዝገቡን እስኪያይ ድረስ ተጠርጣሪው ጣቢያ ቃሉን ሰጥቶ ፈርሟል፣ ፖሊስም የጊዜ ቀጠሮ (ለምርመራ አስሮ ለማቆየት ፍርድ ቤት የሚፈቅደው ጊዜ) ጠይቆበታል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጠበቃ የቱንም ያህል ቢበረታ ከዐቃቤ ሕግ በፊት የሚገጥመው የደንበኛውን የራሱን ቃል ነው።

ስለዚህ እዚህ ምርጫዎቹን የማነጻጽረው በሚመጡበት ቅደም ተከተል ነው። መነሻዬ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት፣ የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግና የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ናቸው። ሽብርን፣ ሙስናንና የመሳሰሉትን የሚመለከቱ ልዩ አዋጆች በዋስትናና በምርመራ ጊዜ ረገድ የራሳቸው ድንጋጌ ስላላቸው ክስዎ ከእነዚህ አንዱ ከሆነ ከታች ያለውን እንዳለ አይውሰዱት። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ አቅምዎ ውስን ከሆነ ገንዘቡንም ጉልበቱንም ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ያውሉት። ብዙ ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ምርመራውን «ይለፍ» ብሎ ትቶ ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ለይግባኝ ንብረት ይሸጣል።

ቃል መስጠት ወይስ ዝም ማለት

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ለተያዘ ሰው የሚሰጠው ጥበቃ ግልጽ ነው። የተያዘበትን ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ሊነገረው ይገባል። ላለመናገር መብት አለው፤ የሚሰጠው ቃል በፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት እንደሚችልም ሊገለጽለት ይገባል። ተገዶ የሰጠው የእምነት ቃል ተቀባይነት የለውም። የሥነ ሥርዓት ሕጉም በአንቀጽ 27 ተጠርጣሪው መርማሪው ለሚያቀርብለት ጥያቄ እንዲመልስ እንደማይገደድ ይናገራል፤ በአንቀጽ 31 ደግሞ ፖሊስ በማስፈራራትም ሆነ ተስፋ በመስጠት ቃል እንዳይቀበል ይከለክላል። «እመን፣ ዛሬውኑ ትፈታለህ» የሚለው አነጋገር እዚህ ክልከላ ውስጥ ይወድቃል። ይህን የሚያውቅ ግን ጥቂት ሰው ነው።

ታዲያ መናገር ነው ወይስ ዝም ማለት? ሁለቱም ዋጋ ያስከፍላሉ። ዝም ማለት ከኋላ የሚጎትት ቃል አያስቀርም፤ ጠበቃዎ መዝገቡን አይቶ መከላከያውን እንዲያቅድ ጊዜ ይሰጣል። ጉዳቱ የሕግ ሳይሆን የሁኔታ ነው። መርማሪው ይከፋል፣ ምርመራው ሊጓተት ይችላል፣ ተጠርጣሪውም ጫና ይሰማዋል። መናገር የሚጠቅመው ወዲያው የሚጣራና ጊዜ ካለፈ የሚጠፋ ማስረጃ ሲኖር ነው። ድርጊቱ ተፈጸመ በተባለበት ሰዓት ሌላ ከተማ ከነበሩና አልጋ የያዙበት ሆቴል መዝገብ ካለ፣ ወይም የደኅንነት ካሜራ ምስሉ ሳይጠፋ መያዝ ካለበት፣ ይህን ብቻ ለይቶ መናገርና በቃሉ ላይ እንዲመዘገብ መጠየቅ ብልህነት ነው።

በጣም የሚጎዳው መካከለኛው መንገድ ነው፤ ግማሹን መናገር፣ ግማሹን መሸፋፈን። «ቦታው ላይ አልነበርኩም» ያለ ሰው በኋላ ችሎት ላይ «ነበርኩ፣ ግን ራሴን ስከላከል ነው» ሲል ሁለተኛው ቃል እውነት እንኳ ቢሆን የሚያምነው ያጣል። ንጹሕ ሰው የሚደብቀው የለውምና ዝም አይልም የሚለው ግምት ብዙ ንጹሐንን ጎድቷል፤ ሰው ሲደነግጥ ሰዓት ይሳሳታል፣ ስም ያምታታል፣ ስሕተቱም በፊርማው ይጸድቃል። እኔ ብጠየቅ የምለው አጭር ነው፦ «ጠበቃ አማክሬ ቃሌን እሰጣለሁ» ብለው ያስመዝግቡ፤ የሚጠፋ ማስረጃ ካለ ብቻ እሱን ይጥቀሱ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 61 የታሰረ ሰው ጠበቃውን ወዲያው ጠርቶ እንዲያነጋግር፣ ከጠየቀም መጻፊያ እንዲሰጠው ያዛል፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 መሠረትም የትዳር ጓደኛ፣ የቅርብ ዘመድ፣ ጓደኛ፣ የሃይማኖት አማካሪ፣ ሐኪምና የሕግ አማካሪ ሊጎበኙት ይችላሉ። ይህ መብት ጣቢያው የሚያደርገው ውለታ አይደለም፤ ስለዚህ በትሕትና፣ ግን በስሙ ጠርተው ይጠይቁት።

ቃል ከሰጡ ሳያነቡ አይፈርሙ። ማንበብ ካልቻሉ ይነበብልዎ። የተጻፈበትን ቋንቋ ካልተረዱ አስተርጓሚ ይጠይቁ። ያልተናገሩት ነገር ካለበት እዚያው እንዲታረም ያድርጉ።

ፖሊስ ጣቢያ የሚሰጥ ቃልና ፍርድ ቤት ቀርቦ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 35 የሚመዘገብ ቃል አንድ አይደሉም። ሁለተኛውን የሚቀበለው ዳኛ ነው፤ ዳኛውም ቃሉ በፈቃደኝነት የሚሰጥ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። በዚህ ምክንያት በኋላ «ተገድጄ ነው» ብሎ መመለስ እጅግ ይከብዳል። ወደ ፍርድ ቤት ለእምነት ቃል ሲወሰዱ ዳኛው «በፈቃድህ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ እውነቱን የሚናገሩበት ሰዓት ያ ነው። ተደብድበው ከሆነ የሚናገሩት ያኔ ነው፤ ሕክምና እንዲታዘዝልዎና አቤቱታዎ መዝገብ ላይ እንዲሰፍር የሚጠይቁትም ያኔ ነው።

ዋስትና ወይስ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ

ቤተሰብ እነዚህን ሁለቱን በተደጋጋሚ ያምታታል። መለያው ጥያቄ አንድ ነው፦ ሰውየው ፍርድ ቤት ቀርቧል ወይስ አልቀረበም?

የተያዘ ሰው ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ መቅረብ አለበት። ከቀረበና ፍርድ ቤቱ ለምርመራ የጊዜ ቀጠሮ ከፈቀደ እስሩ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አለው፤ መንገዱ የዋስትና ጥያቄ ነው። 48 ሰዓቱ አልፎ ካልቀረበ፣ የት እንዳለ ካልታወቀ፣ ወይም ፍርድ ቤት ይለቀቅ ብሎ ካልተለቀቀ ግን ዋስትና መጠየቅ ትርጉም የለውም፤ የሚቀርበው አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ነው። ይህን ዘመድ ወይም ጓደኛም ሊያቀርበው ይችላል። ፍርድ ቤቱ ያሰረውን አካል ጠርቶ «በምን ሕግ ያዝከው?» ብሎ ይጠይቃል። አቤቱታው ጠንካራ የሚሆነው ቀንና ሰዓት ሲኖረው ነው፤ ስለዚህ መቼ፣ የት፣ በእነማን እንደተያዘና ማን እንዳየ በዚያው ቀን ይጻፉ።

የዋስትና ነገር ራሱ በሁለት ደረጃ ይታያል። ቀለል ባሉ ወንጀሎች መርማሪው ፖሊስ ራሱ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 28 መሠረት ተጠርጣሪውን ዋስ አስጠርቶ ሊለቅ ይችላል። ይህን ሳይጠይቁ ፍርድ ቤት መጠበቅ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ያለምክንያት ማሳደር ነው። ከዚያ ያለፈው ጉዳይ የፍርድ ቤት ነው። አንቀጽ 63 ዋስትናን የሚገድበው ወንጀሉ በሞት ወይም በ15 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆነ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ሲሆንና ተጎጂው ሊሞት የሚችል ሲሆን ነው፤ አንቀጽ 67 ደግሞ ወንጀሉ ዋስትና የሚያስከለክል ባይሆንም ተጠርጣሪው የዋስትና ግዴታውን የማይፈጽም፣ ሌላ ወንጀል የሚፈጽም፣ ምስክሮችን የሚያባብል ወይም ማስረጃ የሚያጠፋ መሆኑ ከታመነ እንዲከለከል ይፈቅዳል።

ክርክሩ ሁሉ ያለው በአንቀጽ 67 ላይ ነው፤ የብዙ ሰው ዝግጅት ግን እዚያ አይደለም። ቤተሰብ ስለ ንጽሕና ይናገራል፤ ዳኛው ግን በዚያ ሰዓት የሚመዝነው ሰውየው ይመለሳል አይመለስም የሚለውን ነው። ቋሚ አድራሻ፣ የሥራ ደብዳቤ፣ የጋብቻና የልጆች ማስረጃ፣ ከዚህ በፊት ተጠርቶ በቀጠሮው የመቅረቡ ታሪክ፣ የሕክምና ወረቀት፦ እነዚህን ይዞ የሚገባ አመልካች «ምንም አላደረግኩም» ከሚለው የተሻለ ይሰማል። ፖሊስ «ቀሪ ምስክር አለኝ፣ ያባብልብኛል» ሲል ደግሞ በደፈናው አይቀበሉ። የትኛው ምስክር? ባለፈው ቀጠሮ ምን ሠራ? የጊዜ ቀጠሮ በእያንዳንዱ ጊዜ ከ14 ቀን ሊበልጥ አይችልም፤ ተጨማሪ በተጠየቀ ቁጥር ያለፈው 14 ቀን ምን እንደተሠራበት ማስጠየቅ የጠበቃ ትልቁ ሥራ ነው። ጠበቃ ከሌለ ተጠርጣሪው ራሱ ሊጠይቅ ይችላል።

የዋስትናውን ዓይነት መምረጥ ከተቻለ ገንዘብ ማስያዝ ቀላሉ ነው፤ ግዴታው ከተፈጸመ ይመለሳል። የሰው ዋስ ገንዘብ ለሌለው ሰው መፍትሔ ነው፤ ዋሱ ግን ምን እንደሚፈርም ማወቅ አለበት። ተከሳሹ ከጠፋ የተወሰነውን ገንዘብ የሚከፍለው እሱ ነው። ሰው በዝምድና ይሉኝታ ዋስ ሆኖ ቤቱን የሚያጣበት አጋጣሚ ስላለ ዋስ የሚለምን ቤተሰብ ይህን በግልጽ ይንገረው።

ዋስትና ከተከለከለ ከ20 ቀን ሳያልፍ ለይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ማመልከት ይቻላል። ወዲያው ይግባኝ ማለት ነው ወይስ ሁኔታው ሲለወጥ እንደገና መጠየቅ? ክልከላው «ምርመራው አላለቀም» በሚል ከሆነ ምርመራው ሲያልቅ እዚያው እንደገና መጠየቁ ብዙ ጊዜ ይፈጥናል። ክልከላው «አንቀጹ ዋስትና አያሰጥም» በሚል የሕግ ትርጉም ላይ ከቆመ ግን ይግባኙ ይሻላል።

ማን ይቁምልዎ

አማራጮቹ አራት ናቸው፦ የግል ጠበቃ፣ መንግሥት የሚያቆመው ተከላካይ ጠበቃ፣ ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ማዕከላት፣ እና ራስዎ።

ማነጻጸሩን የሚወስነው አንድ የሕግ ነጥብ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 5 ጠበቃ የማቆም አቅም ለሌለውና በዚህም ምክንያት ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል ሰው መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆም ያዛል። ግን ድንጋጌው የተጻፈው ስለ «ተከሰሱ ሰዎች» ነው። ስለ ተያዙ ሰዎች የሚናገረው አንቀጽ 19 በመንግሥት ወጪ ስለሚቆም ጠበቃ አይናገርም። በተግባርም ተከላካይ ጠበቃ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ክስ ተመሥርቶ ዳኛው «ጠበቃ የማቆም አቅም አለህ?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ ነው። ጣቢያ ቃል የሚሰጥበትና የጊዜ ቀጠሮ የሚጠየቅበት ወቅት፣ ማለትም ከላይ ያየነው ሁሉ፣ ያለ ተከላካይ ጠበቃ ያልፋል። ስለዚህ «የግል ወይስ የመንግሥት?» የሚለው ጥያቄ ሲመለስ ሁልጊዜ «በየትኛው ደረጃ?» ተብሎ መሆን አለበት።

የግል ጠበቃ ዋና ጥቅሙ ይህ ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን ሊገባ ይችላል። ማስረጃ የሚፈልገው፣ ምስክር የሚያነጋግረው፣ ቀጠሮ የሚከታተለው ለእርስዎ ብሎ ነው። ችግሩ ዋጋው ብቻ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ጠበቃ ሆኖ ወንጀል የሚይዝ አለ፤ ጎበዝ ስም ኖሮት ራሱ የማይቀርብ፣ ረዳቱን የሚልክ አለ። ከመፈረምዎ በፊት ፈቃዱን ይዩ። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የጥብቅና ፈቃድና የክልል ፈቃድ የተለያዩ ስለሆኑ ጉዳይዎ ወደሚታይበት ፍርድ ቤት የሚያስገባው መሆኑን ያረጋግጡ። ችሎት የሚቀርበው ራሱ ነው? ባለፈው ዓመት ምን ዓይነት የወንጀል ጉዳዮች ይዟል? ክፍያው የትኛውን ይሸፍናል፤ የጊዜ ቀጠሮን፣ ዋስትናን፣ የሥር ፍርድ ቤት ክርክሩን በሙሉ፣ ወይስ ይግባኙንም? ይህ በጽሑፍ ካልሰፈረ በመሃል «ይሄ ለብቻው ነው» የሚል ነገር ይመጣል። «በእርግጠኝነት አስፈታዋለሁ» የሚል ጠበቃ ካጋጠመዎ ደግሞ ይውጡ፤ ውጤቱ የዳኛ እንጂ የጠበቃ አይደለም። «ዳኛውን አውቀዋለሁ» የሚል ደላላ ከሆነ አንድ ጉዳይ ሳያልቅ ሌላ ወንጀል እየተጨመረልዎ ነው።

ተከላካይ ጠበቃን በተመለከተ የሰዉ ጥርጣሬ «ደመወዙን መንግሥት እየከፈለው መንግሥትን እንዴት ይሟገታል?» የሚል ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤትና በክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤቶች ሥር ያሉት ተከላካይ ጠበቆች በየቀኑ የሚውሉት ወንጀል ችሎት ነው፤ የዳኞቹን አካሄድ፣ የዐቃቤ ሕጎቹን ልማድ፣ የቅጣት አወሳሰን መመሪያውን ስሌት ብዙ የግል ጠበቆች በማያውቁት ደረጃ ያውቁታል። የደንበኛ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታቸውም ከሌላው ጠበቃ አያንስም። እውነተኛው ችግር የመዝገብ ብዛት ነው። ደንበኛውን ለመጀመሪያ ጊዜ ችሎት አዳራሽ ውስጥ፣ ያውም መዝገቡ ከመጠራቱ ጥቂት ደቂቃ በፊት የሚያገኝ ተከላካይ ጠበቃ ብርቅ አይደለም።

ይህን ችግር ቤተሰብ በከፊል ሊያቃልለው ይችላል። አንድ ገጽ ላይ የሆነውን በቀንና በሰዓት ቅደም ተከተል ይጻፉ። የመከላከያ ምስክሮችን ስም፣ ስልክና እያንዳንዳቸው በዓይናቸው ያዩትን ብቻ ይዘርዝሩ፤ የሰሙትን አይቀላቅሉ። የክሱን ቅጂ ከነማስረጃ ዝርዝሩ አያይዘው ከቀጠሮው በፊት ቢሮው ሄደው ይስጡት። ጊዜ የሌለው ጠበቃ የተዘጋጀ ፋይል ሲቀርብለት ሥራው ይለወጣል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። በአንድ መዝገብ ብዙ ተከሳሾች ሲኖሩ ለሁሉም አንድ ጠበቃ ማቆም ወጪ ይቀንሳል፤ ለግልም ለመንግሥትም ይሠራበታል። ግን የአንዱ መከላከያ «እኔ ሳልሆን እሱ ነው» ከሆነ ያ ጠበቃ ለሁለቱም ሊቆም አይችልም። ይህን ቀድመው ካወቁ ፍርድ ቤቱ የተለየ ጠበቃ እንዲመድብ በመጀመሪያው ቀን ይጠይቁ፤ ምስክር መሰማት ከጀመረ በኋላ ቢነሳ ሁሉም ይጎዳል።

የሕግ ድጋፍ ማዕከላት በየዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤቶች ሥር ይገኛሉ፤ ሴቶችን በተመለከተ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የቆየ አገልግሎት አለው። ጠበቆችም ለአቅመ ደካሞች ያለ ክፍያ ወይም በአነስተኛ ክፍያ የማገልገል ሙያዊ ግዴታ አለባቸው፤ ይህን ማንሳት ነውር የለውም። ማዕከላቱ በጣም የሚጠቅሙት በምክርና አቤቱታ በመጻፍ ነው። ከባድ ክስን ከምስክር መስማት እስከ ቅጣት ክርክር ተከታትለው ይይዛሉ ብለው ግን አይተማመኑ፤ እንደየማዕከሉ ይለያያል። ቢሆንም ፍርድ ቤት አጠገብ ከሚገኝ ራፖር ጸሐፊ ይልቅ እነሱን እመርጣለሁ፤ ራፖር ጸሐፊ የእርስዎን ቃል በሚያምር ቋንቋ ይጽፋል እንጂ የትኛው ዐረፍተ ነገር በእርስዎ ላይ እንደሚመለስ አይነግርዎትም።

ራስን መከላከልስ? ሕጉ አይከለክልም። መቀጮ ወይም አጭር ቀላል እስራት በሚያስከትል ጉዳይ፣ ፍሬ ነገሩ ግልጽ በሆነበት፣ ብዙ ሰው በራሱ ይወጣዋል። ጽኑ እስራት ባለበት ክስ ግን አልመክርም። ምክንያቱም መስቀለኛ ጥያቄ፣ ማለትም የተቃራኒ ወገንን ምስክር መጠየቅ፣ ነው። ያልሠለጠነ ተከሳሽ የዐቃቤ ሕግን ምስክር ሲያገኝ መጠየቁን ትቶ ይከራከራል፤ «ዋሽተሃል!» ይላል፤ ወይም «ለምን እንዲህ አልክ?» ብሎ ምስክሩ ታሪኩን ይበልጥ አስፍቶ እንዲናገር በር ይከፍትለታል። የግድ ብቻዎን ከሆኑ «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚያስብሉ አጫጭር ጥያቄዎችን አስቀድመው ይጻፉ፦ ሰዓቱ ሌሊት ነበር? መብራት ነበር? ምን ያህል ርቀት ላይ ነበርክ? ከዚያ ያቁሙ።

ልጆችን በተመለከተ ምርጫው የተለየ ነው። በወጣት ጥፋተኛ ላይ የቀረበው ክስ በሞት ወይም ከ10 ዓመት በላይ በሆነ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ከሆነ፣ ወይም ወላጅ፣ ሞግዚት ወይም አሳዳሪ ቀርቦ የማይቆምለት ከሆነ፣ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 174 ፍርድ ቤቱ ጠበቃ እንዲመድብ ያዛል።

እነዚህን ሁሉ አመዛዝኜ ውስን አቅም ላለው ቤተሰብ የምመርጠው ድብልቁን ነው። ለምርመራው ጊዜና ለዋስትናው ብቻ የግል ጠበቃ ይቅጠሩ፤ በውሉ ላይም ይኸው ብቻ ይጻፍ። ክስ ሲመሠረት አቅም ካለቀ ተከላካይ ጠበቃ ይጠይቁ፤ የግል ጠበቃው የሰበሰበውን ፋይል ያስረክቡ። ተገላቢጦሹን፣ ማለትም ምርመራውን ብቻዎን አልፈው ለምስክር ጊዜ ውድ ጠበቃ ማምጣትን፣ የምመክረው ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ ነው።

ማመን፣ መካድ፣ ወይስ «አዎ፣ ግን…»

ክሱ ሲነበብ ተከሳሹ የእምነት ክህደት ቃሉን ይጠየቃል። ከዚያ በፊት ግን ሰው የሚዘለው አንድ ነገር አለ፤ የክስ መቃወሚያ። ክሱ ግልጽ ካልሆነ፣ በዚሁ ጉዳይ ቀድሞ ነጻ ተብለው ወይም ተቀጥተው ከሆነ፣ ወንጀሉ በይርጋ (ክስ የሚቀርብበት ጊዜ በማለፉ) ከታገደ፣ ከሌሎች ጋር አንድ ላይ መከሰሱ መከላከያዎን የሚጎዳ ከሆነ የሚነሳው እዚህ ነው። በኋላ ላንሳው ቢሉ በመርሕ ደረጃ ያልፍብዎታል።

ከሳሽ ባቀረበው ፍሬ ነገር ሁሉ ላይ ያለ ምንም ቅሬታ፣ ማለትም «ግን» ሳይሉ፣ ማመን በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 134 ወዲያው ጥፋተኛ ሊያስብል ይችላል፤ ፍርድ ቤቱ ግን ዐቃቤ ሕግ ማስረጃ እንዲያሰማ ማዘዝ ይችላል። የማመን ጥቅሙ በቅጣቱ ላይ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ጥፋትን አምኖ መጸጸትን፣ ራስን ለፍትሕ አካል መስጠትን፣ ተጎጂን መርዳትንና ጉዳትን መካስን ከጠቅላላ ማቅለያ ምክንያቶች ያስገባል፤ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ቁጥር 2 ደግሞ ማቅለያዎቹን በደረጃ ይቆጥራል። ጉዳቱ ይግባኝዎን ማጥበቡ ነው፤ አምኖ የተፈረደበት ሰው ስለ ጥፋተኝነቱ ሳይሆን ስለ ቅጣቱ ብቻ ነው ይግባኝ የሚለው። ማስረጃው የማያወላዳ ሲሆን፣ ያላደረጉትም ነገር በክሱ ውስጥ ከሌለ፣ ማመን ብዙ ጊዜ የተሻለ ስሌት ነው። «ቶሎ ልገላገል» ብሎ ያላደረጉትን ማመን ግን የወንጀል ሪከርድ ይዞ መኖር መሆኑን ያስቡ።

በብዙ ከባድ ጉዳዮች ትክክለኛው መልስ ግን ሦስተኛው ነው። ለምሳሌ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 540 ተራ የሰው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ተከሳሹ ጥቃት ደርሶበት ራሱን ሲከላከል ከሚገባው በላይ አልፎ ከሆነ ግን ነገሩ በአንቀጽ 541 ይወድቃል፤ እሱም ከ5 ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት ያስቀጣል። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰው የልጆቹን ዕድገት የሚያይበትና የማያይበት ነው። «ገድያለሁ» ብሎ በደፈናው ያመነ ሰው ይህን በር ራሱ ዘጋው። «ሞቱ በእኔ እጅ ነው፣ ግን በዚህ ሁኔታ ነው» ያለ ሰው ቃሉ በቅሬታ የተሰጠ ስለሆነ እንደ ክህደት ተመዝግቦ ማስረጃ ይሰማል። ስለዚህ ችሎት ላይ «አጥፍቻለሁ» ከማለትዎ በፊት ጠበቃዎን «ይህ ፍሬ ነገር በስንት አንቀጽ ሊወድቅ ይችላል?» ብለው ይጠይቁ።

እርቅንም እዚህ ላንሳ። በግል አቤቱታ ብቻ በሚያስቀጡ ወንጀሎች፣ ለምሳሌ በስድብ፣ አቤቱታ ከሌለ ክስ የለምና ሽምግልና ጉዳዩን ከሥሩ ሊዘጋው ይችላል። በግድያና በከባድ ጉዳት ግን የቤተሰቦች መታረቅ ዐቃቤ ሕግን አያቆምም። ካሳው ቅጣት ሲወሰን በማቅለያነት ሊቆጠር ይችላልና የእርቁን ሰነድ ለጠበቃው መስጠት ይጠቅማል። ሽማግሌ ፊት «በድያለሁ» ብሎ የተፈረመ ወረቀት ግን ጥፋተኝነት ገና ካልተወሰነ በእርስዎ ላይ ሊቀርብ እንደሚችል አይዘንጉ። የእርቅ ሰነድ ከመፈረሙ በፊት ጠበቃ ይየው።

ከዐቃቤ ሕግ ማስረጃ በኋላ

ዐቃቤ ሕግ ማስረጃውን ከጨረሰ በኋላ ፍርድ ቤቱ ብይን ይሰጣል። ማስረጃው ክሱን ካላስረዳ ተከሳሹ መከላከል ሳያስፈልገው በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 141 በነጻ ይሰናበታል፤ አለበለዚያ እንዲከላከል ይታዘዛል፣ አንዳንዴም ቀለል ባለ አንቀጽ።

እዚህ ላይ ያለው ምርጫ ምስክር መብዛቱ አይደለም። ተመሳሳይ ነገር የሚናገሩ አምስት ዘመዶች ከአንድ ገለልተኛ ጎረቤት ያነሰ ክብደት አላቸው፤ ከአምስቱ አንዱ ከተምታታ ደግሞ ሌሎቹንም ይዞ ይወድቃል። ተከሳሹ ራሱ ቃሉን ከሰጠ ከምስክሮቹ ቀድሞ ይናገራል፤ ዐቃቤ ሕግ መስቀለኛ ጥያቄ አያቀርብለትም፣ ፍርድ ቤቱ ግን ግልጽ ያልሆነውን ሊጠይቀው ይችላል። ጥሩ የሚናገርና ቃሉ ከጣቢያው ቃል ጋር የማይጋጭ ሰው ይናገር። የሚጋጭ ከሆነ በሰነድና በምስክር መቆየቱ ይመረጣል።

ይግባኝ፦ በፍርዱ ላይ ወይስ በቅጣቱ

ጊዜው አጭር ነው። ይግባኝ ማለትዎን በ15 ቀን ውስጥ ማስታወቅ፣ የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰዎ በኋላ ደግሞ የይግባኝ ማመልከቻውን በ30 ቀን ውስጥ ማቅረብ ያስፈልጋል። ስለዚህ ፍርድ በተነበበበት ቀን ግልባጭ ይጠይቁ። ዐቃቤ ሕግም ይግባኝ የማለት መብት ስላለው ቅጣቱ ከጠበቁት በታች ከሆነ ጊዜው ሳያልፍ «ተረፍን» ብለው አይዘናጉ።

ጥፋተኝነቱንም ቅጣቱንም በአንድ ማመልከቻ መቃወም ይቻላል። ነገር ግን ማስረጃው ጠንካራ በነበረበት ጉዳይ አሥራ አምስት ገጽ ሙሉ «ምስክሮቹ ዋሽተዋል» ብሎ መጨረሻ ላይ ቅጣቱን በሁለት መስመር ማንሳት የተለመደ ስሕተት ነው። ሥር ፍርድ ቤት ማቅለያ ሳይቆጥር ያለፈ ከሆነ ወይም የወንጀሉን ደረጃ ከመመሪያው ውጭ ካስቀመጠ ያንን ፊት ያምጡት፤ በቁጥር የሚታይ ስሕተት ለማረም ቀላል ነው። ከይግባኝ በኋላ የሚቀረው የሰበር ችሎት መሠረታዊ የሕግ ስሕተትን ብቻ ይመለከታል፤ ምስክሮቹን እንደገና አይመዝንም። ሥር ፍርድ ቤት ላይ ያልቀረበ ምስክር ወይም ያልተያዘ ሰነድ ካለ፣ ለዚያ ማስረጃ ዋናው ቦታ የመጀመሪያው ችሎት እንደነበር አውቀው የይግባኙን ወጪ ያስሉ።